ግብርና ግብር፦ ሐዲስ ዓለማየሁና የጎጃም ገበሬ

በአማርኛ «ግብርና»፣ «ገበሬ»፣ «ገባር» እና «ግብር» የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። በግእዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት፣ «ግብር»ም ሥራ ማለት ሲሆን፣ በአማርኛ ግን ቃሉ ከሥራ ወደ ሥራው ፍሬ፣ ከፍሬው ደግሞ ለባለሥልጣን ወደሚገባው ድርሻ እየተሻገረ ሄዶ «ገበረ» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው መክፈል ሆነ። በዚህ ምክንያት ቋንቋው የሚያርሰውንና የሚከፍለውን ሰው በተቀራረበ ስም ይጠራል፤ ማረስና መገበርም ለብዙ ዘመን ተነጣጥለው አልታዩም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በተለይም በቀድሞዎቹ የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች፣ የሃያኛው መቶ ዓመት የእርሻ ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ቃል ታሪክ ነው፤ መንግሥት «ግብርናን ማሳደግ» ባለ ቁጥር ገበሬው «ግብርን ማሳደግ» ብሎ ይሰማ ነበር፣ ብዙውን ጊዜም አልተሳሳተም።

ለእርሻ የቆመ ፖለቲከኛ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ምርጥ ዘር ያስገባ፣ ቦይ ያስቆፈረ ወይም የእርሻ ትምህርት ቤት ያስከፈተ ሹም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ መስፈርት አይመዘኑም። ስማቸው በአንባቢው ዘንድ የገነነው በልብ ወለድ ደራሲነታቸው ሲሆን፣ ከዚያ ባልተናነሰ ግን መምህር፣ አርበኛ፣ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ የፕላንና ልማት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ዕድሜያቸውን በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። እዚህ የሚነሡት ከሥራቸው ጎልቶ ስለሚነበብ አንድ አመለካከት ነው፤ እርሱም የገበሬው ችግር ከማረሻው በፊት በጫንቃው ላይ ከተቀመጠው አስተዳደር ይጀምራል የሚል ነው። ይህን ያሉት ተወልደው ባደጉበት፣ በኋላም የታጠቀ ገበሬ ከመንግሥት ጋር በተፋለመበት በዚያው በጎጃም ምድር ላይ ተመሥርተው ነው።

ስለ ምድሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዓባይ ጎጃምን ከምሥራቅና ከደቡብ እንደ መቀነት ይዞራታል፤ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ተነሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ የሚዘረጋው ደጋማ ሜዳ፣ ቢቸና የምትገኝበት እነማይንና በዙሪያዋ ያሉትን ወረዳዎች ጨምሮ፣ በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ይቋጥርና ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ጤፍ ግን ይወደዋል። ጤፍ ደቃቅ ዘር በመሆኑ ማሳው ደጋግሞ እንዲታረስ ይፈልጋል፤ ገበሬው ከዝናቡ መግቢያ ጀምሮ አራት አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በበሬ ገልብጦ በሐምሌ ይዘራል፤ ከኅዳር ጀምሮ ያጭዳል፤ ከምሮ በአውድማ ላይ ይወቃል። ወደ ሰሜን በሞጣ በኩል ከጤፉ ሌላ ስንዴው፣ ገብሱና ጥራጥሬው ይታከላል። ሥራው የሚሠራው በቤተሰብ ጉልበትና በወንፈል፣ ማለትም ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንዱ ለሌላው በሚሠሩት የብድር ሥራ ነው።

በዚህ ምድር ላይ መሬት የሚያዝበት ሥርዓት ርስት ይባል ነበር። ርስት አንድ ሰው ገዝቶ የሚሸጠው ንብረት ሳይሆን ከአንድ ቀደምት አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ አቅንቷል ከሚባል ሰው፣ በአባትም በእናትም በኩል መወለድን በማስረዳት የሚጠየቅ የድርሻ መብት ነው። የተወላጅነቱ ሐረግ በሁለቱም ወገን ስለሚቆጠር አንድ ገበሬ በበርካታ ቀደምት አባቶች መሬት ላይ ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል፤ ስለዚህም የዘር ቆጠራ ዕውቀት እንደ በሬና እንደ ሞፈር ሁሉ የእርሻ መሣሪያ ነበር፣ ሙግቱም ማለቂያ አልነበረውም። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ አላን ሆበን በደጋ ዳሞት ባካሄደው ጥናትና በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሠራር በዝርዝር አሳይቷል። ከርስት በላይ ደግሞ ጉልት ነበር፤ ጉልት መሬቱን የማረስ ሳይሆን ከሚያርሱት ላይ ግብርንና አገልግሎትን የመቀበል መብት ሲሆን፣ ለሹም፣ ለመኳንንት ወይም ለደብር ይሰጥ ነበር። እንግዲህ የጎጃም ገበሬ እንደ ብዙዎቹ የደቡብ ኢትዮጵያ ገባሮች መሬቱን የተነጠቀ ጭሰኛ አልነበረም። ባለርስት ነው፤ በርስቱ ላይ ግን ባለጉልት አለ። ይህን ልዩነት ያልጨበጠ አንባቢ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ሁሉ ግራ ያጋባዋል፤ ሕግ አውጪዎቹንም ግራ ያጋባቸው ይኸው ይመስላል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በምትባል ስፍራ ከካህን አባት ተወለዱ። የልጅነት ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ነበር፤ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተዘዋውረው ቅኔን ጭምር ተማሩ። ከእነዚህ ሁለቱ የቢቸና አገር ናቸው፤ ዲማ ዛሬ በእነማይ ወረዳ፣ ደብረ ወርቅ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ይገኛሉ። የቆሎ ተማሪ የሚባለው የዚያ ዘመን ደቀ መዝሙር ቀለቡን የሚያገኘው ኮሮጆውን አንግቦ ከገበሬ ደጅ ቆሞ በመለመን ስለሆነ፣ የገበሬውን ቤት በጥጋብም በችግርም ወራት ከደጁ ያየዋል፤ የትኛው ቤት በጥቅምት እህል እንዳለቀበት፣ የትኛው ለሹሙ መስተንግዶ ሲል ከዘሩ እንደቀነሰ ከቁራሹ መጠን ያውቃል። ስለ ጎጃም ገበሬ የጻፉ ብዙ ምሁራን ይህን የመሰለ የመስክ ጥናት አላደረጉም።

ከዚያ በኋላ የዘመናዊ ትምህርት ፍላጎት ወደ አዲስ አበባ ወሰዳቸው፤ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች ተማሩ፣ ወደ ጎጃምም ተመልሰው በጉምሩክና በመምህርነት ሠሩ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ የጎጃም ገዥ ከነበሩት ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ጦሩ ተፈትቶ ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከተሸጋገረም በኋላ ትግሉን ቀጥለው ተማረኩና ወደ ጣሊያን ተግዘው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ፤ ከእስር የወጡት ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ የኅብረቱ ጦር ሲደርስ ነው።

እዚህ ላይ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልግ አንድ የውጭ ሰው ይገባል። ሐዲስ በጣሊያን ደሴት ታስረው በነበሩባቸው ዓመታት ታላላቆቹ መንግሥታት ወረራውን እየተቀበሉ ሲሄዱ፣ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ለኢትዮጵያ ድምፅ መስጠቷን ያልተወች አንዲት ሩቅ አገር ነበረች፤ እርሷም ሜክሲኮ ናት። ፕሬዚዳንቷ ላሳሮ ካርዴናስ ነበሩ፤ በአገራቸው የሚታወቁት በእርሻና በመሬት ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከቢቸናና ከሞጣ ለጉዳይ የሚመጣው መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ስም፣ የዚያ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። ካርዴናስ ለገበሬው ያደረጉት ነገር በኋላ ከጎጃም ጋር ሲነጻጸር ይታያል።

ሐዲስ ከነፃነት በኋላ ያለፉበት የዲፕሎማሲ መንገድ ረጅም ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታትና በለንደን የአገራቸው እንደራሴ ሆነው አገልግለዋል፤ በመካከሉ ለአጭር ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ከለንደን አምባሳደርነት ተመልሰው የፕላንና ልማት ሚኒስትር የሆኑበት ወቅትና «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመበት 1958 ዓ.ም. ግን የተገጣጠሙ ናቸው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት የአገሪቱን የልማት ዕቅድ በሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ራስ ሆኖ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የዚያች አገር ገበሬ ለምን መልማት እንዳልቻለ የሚናገር ትልቅ ልብ ወለድ ለሕዝብ ማቅረቡ በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የታየ አይመስልም።

መጽሐፉን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰሙት ደግሞ ታሪኩን ከነድምፁ ይዘውታል። ይሁን እንጂ የፍቅሩ ታሪክ የቆመበት መሬት የግብር ታሪክ ነው። በዛብህ የድኻ ገበሬ ልጅ ሆኖ በቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ፣ ሰብለ የባለጉልቱ የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ ሁለቱን የሚለያያቸው ግድግዳ የተሠራው ገበሬውና ባለጉልቱ ከሚገናኙበት ከዚያው ሥርዓት ነው። በመጽሐፉ መካከል ፊታውራሪው ከተለመደው ግብር በላይ የሚጠይቁትን ገበሬዎቻቸው እንቢ ይላሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት ይተባበራሉ፤ ፊታውራሪውም በገዛ ገባሮቻቸው ላይ ጦር ይዘው ይዘምቱና ድል ሆነው ይማረካሉ። ደራሲው ይህን ክፍል በቀልድ አዋዝተው ጽፈውታል፤ ቀልዱ ግን የሚያነጣጥረው በዘማቹ ጌታ ላይ እንጂ በአመፀኛው ገበሬ ላይ አይደለም። አበጀ በለው ሽፍታ ተብሎ የሚታለፍ ሰው ሳይሆን ሕግ የሚያውቅ፣ መጠን የሚያውቅ፣ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ተደርጎ ተሥሏል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ገበሬዎቹ የማይጠይቁትን ነገር ልብ ማለት ይገባል። መሬት ይከፋፈልልን አይሉም፣ ግብር ጨርሶ አንከፍልም አይሉም፤ የሚቃወሙት ልክ የሌለውን፣ ባለጉልቱ እንደ ፍላጎቱ የሚጨምረውን ነው። ሐዲስ ለጎጃም ገበሬ የሰጡት ጥያቄ የመሬት ባለቤትነት ሳይሆን የግብር ልክና የሹም አገዛዝ ጥያቄ ነው፤ ይህ ምርጫ የሚያሳየው ደራሲው አገሩን ማወቃቸውን ነው። በዚያው ዘመን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰማ የነበረው «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ለደቡቡ ጭሰኛ የሕይወት ጉዳይ ሲሆን፣ መሬቱ በእጁ ላለው ለቢቸናና ለሞጣ ባለርስት ግን «ያለህን መሬት መንግሥት ይውሰድና መልሶ ይስጥህ» እንደማለት ሊሰማ የሚችል ነበር።

ሚኒስትሩ ሐዲስ ከደራሲው ሐዲስ ያነሰ ዐቅም ነበራቸው ማለት ስሕተት አይሆንም። የአምስት ዓመት ዕቅዶች የሚባሉት የዘመኑ የልማት ዕቅዶች ክብደታቸው በመንገድ፣ በፋብሪካና በሰፋፊ የንግድ እርሻ ላይ ስለነበር፣ በጥማድ በሬ ለሚያርሰው ባለርስት የቀረው ጥቂት ነው። በዚያ ሰሞን የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቁሞ ጭሰኛና ባለመሬት የሚገዙበት የሕግ ረቂቅ ቢዘጋጅም፣ ረቂቁ ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ እየተንከባለለ እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ሐዲስ በፕላን ሚኒስቴር የቆዩት ለአጭር ጊዜ ሲሆን በስማቸው የሚጠራ የእርሻ ሕግ የለም። ይህን መሸሸግ አያስፈልግም፤ ለገበሬው ያቆሙት ሙግት የተጻፈው በነጋሪት ጋዜጣ ሳይሆን በልብ ወለድ ነው።

ልብ ወለዱ በታተመ በሁለተኛው ዓመት ግን ታሪኩ ከወረቀት ወጥቶ በቢቸናና በሞጣ ተፈጸመ። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። እስከዚያ ድረስ የነበረው አሥራት፣ ማለትም ከምርት አንድ ዐሥረኛ ይሆናል ተብሎ የሚከፈለው ግብር፣ እንዲቀርና በምትኩ ገበሬው በየዓመቱ ከሚያገኘው ገቢ ላይ መጠኑ ከገቢው ጋር እየጨመረ የሚሄድ ግብር እንዲከፍል የሚያዝ ሕግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ብዙ ያገኘ ብዙ ይከፍላል፣ ትንሽ ያገኘ ትንሽ። ነገር ግን ገቢን ለማወቅ ሰብሉ መገመት አለበት፣ ሰብሉን ለመገመት ማሳው መታየት አለበት፣ ማሳው ሲታይም በማን ስም እንደሚመዘገብ መጻፍ አለበት። ርስት ደግሞ በስም ተመዝግቦ የሚያዝ መሬት አይደለም። የገማች ኮሚቴ ማሳ ዳር ቆሞ ሲጽፍ ያየ ባለርስት የነገውን የመሬት ልኬት፣ ከልኬቱም ቀጥሎ የርስቱን ማለፍ አየ።

ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች በጋሻ፣ ማለትም በግምት 40 ሄክታር በሚሆን የመሬት ስፍር፣ ለምነቱ እየታየ እንዲከፈል ሲወስኑ ጎጃም ልኬቱን በመሣሪያ ጭምር ስለተቃወመ፣ ከወረራው በፊት በነበረው ልማድ እንዲገብር ተትቶ ነበር። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ፣ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማች ተብለው የዚያው የቢቸና አውራጃ ገዥ ከሆኑ በኋላ ከማዕከላዊ መንግሥት ጋር ተጣልተው በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መሰቀላቸው በአካባቢው ያልተረሳ ቁስል ነው። በአርበኝነቱ ዘመን የተያዘው ጠመንጃም በየቤቱ ነበር። በመሬት ግብሩ ላይ የትምህርትና የጤና ግብር ተጨምሯል፤ ብዙው ቀበሌ ግን ትምህርት ቤቱንም ጤና ጣቢያውንም አላየም። በጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የተጠራቀመው ቅሬታ ከዚህ ሁሉ ላይ ሲታከል አዲሱ አዋጅ የወደቀው በደረቅ ሣር ላይ ነው።

ከ1960 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አውራጃዎች ገበሬዎች ገማቾችን እያባረሩ፣ አዋጁን አንቀበልም እያሉ፣ አገረ ገዥውም እንዲነሡላቸው እየጠየቁ ተሰባሰቡ። መንግሥት በሽማግሌና በካህን ማግባባትን ሞከረ፤ ፖሊስና ጦር ላከ፤ በመጨረሻም አውሮፕላን አሰማርቶ መንደሮችን ደበደበ። ገበሬው ወደ አዲስ አበባ የመዝመት ዓላማ አልነበረውም፤ ዙፋኑንም አልነካም፤ የፈለገው እንዳይገመት፣ እንዳይለካና በነባሩ እንዲገብር ነበር። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ ይህን አመፅ ከትግራዩ ቀዳማይ ወያነና ከባሌው አመፅ ጋር አነጻጽረው ሲያጠኑ፣ የጎጃሙ የነበረውን ለመጠበቅ የተነሣ መሆኑን አሳይተዋል። «የነበረውን መጠበቅ» ሲባል ኋላ ቀርነት ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከመንግሥት የመጣ አዲስ ነገር ሁሉ ወጪ ብቻ ሆኖ ላገኘው ገበሬ ነባሩን መጠበቅ የተጣራ ሒሳብ ነበር። አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1967 እ.ኤ.አ. በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን እርዳታ ተመሥርቶ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ማዳረስ ሲጀምር፣ ለጎጃም ገበሬ የደረሰው ገማች ብቻ ነው። ለነገሩ የጭላሎውም በረከት ለሁሉም አልሆነም፤ ትራክተር ባዋጣበት ቦታ ባለመሬቱ ጭሰኛውን አስነሥቶ ራሱ አርሷል።

በመጨረሻ ያፈገፈገው መንግሥት ነው። አገረ ገዥው ተነሥተው በቦታቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተሾሙ፤ በ1961 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ውዝፍ ተሰረዘ፣ አዲሱን ግብር በጎጃም ለማስከፈልም ከዚያ በኋላ አልተሞከረም። አበጀ በለው በመጽሐፍ ያገኘውን ያህል ድል የሞጣና የቢቸና ገበሬ በእውን አገኘ፤ ዋጋው ግን የልብ ወለዱን ያህል የሚያሥቅ አልነበረም። ሐዲስ በዚህ ጊዜ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነው ነበር፤ የምክር ቤቱ አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚመረጡ ስለነበሩ ወንበሩ ከክብር በቀር ብዙ ሥልጣን አልነበረውም፣ ሕዝብ አልመረጠውምና ሕዝብን ወክሎ የመናገር ግዴታም አልነበረበትም።

ከላይ የተነሡት ላሳሮ ካርዴናስ እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ሜክሲኮ በ1910 እ.ኤ.አ. ከጀመረው አብዮቷ በኋላ በ1917ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 መሬት የሕዝብ መሆኑን ደንግጋ፣ የትልልቅ ርስተ ጉልቶችን መሬት ለገበሬ ለማከፋፈል መንገድ ከፈተች፤ ሕጉ ግን ለዓመታት በወረቀት ቆየ። ከሚቾአካን ክፍለ ሀገር የተነሡት ካርዴናስ ከ1934 እስከ 1940 እ.ኤ.አ. በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ወደ 18 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት አከፋፈሉ፤ ይህም ከእርሳቸው በፊት የነበሩት መሪዎች በጠቅላላ ካከፋፈሉት ይበልጣል። መሬቱ የተሰጠው «ኤሂዶ» በሚባል ሥርዓት ነው፤ ኤሂዶ መሬቱ የመንደሩ ማኅበር ሆኖ እያንዳንዱ ገበሬ ድርሻውን የሚያርስበት፣ ለልጁ የሚያወርስበት፣ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የማይሸጥበት ይዞታ ነበር። ይህን ያነበበ ጎጃሜ ርስት መስሎት ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ሜክሲኮ በአብዮትና በሕግ ለገበሬዋ ልትሰጥ የደከመችለት ነገር፣ በመልኩ ለየት ቢልም፣ በቢቸናና በሞጣ ከጥንት ጀምሮ በገበሬው እጅ ነበረ። የጎደለው ሌላው ነበር፤ ካርዴናስ ከመሬቱ ጋር የብድር ባንክና የገጠር ትምህርት ቤት ጭምር ሲያስከትሉ፣ በጎጃም ከመሬቱ ጋር የተከተለው ገማች ነው። ስለዚህ ሜክሲኮን አይቶ «ኢትዮጵያ የመሬት ክፍፍል ያስፈልጋት ነበር» ብሎ ማጠቃለል ለደቡቡ እውነት፣ ለጎጃም ግን ግማሽ እውነት ነው።

የ1966 ዓ.ም. ሕዝባዊ ንቅናቄ ሲፈነዳ ሐዲስ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል ጽሑፍ አሳተሙ፤ ርእሱ ራሱ ጥያቄያቸው ከአስተዳደር እንደሚነሣ ይመሰክራል። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ቢጠየቁም አልተቀበሉም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገ አዋጅ፣ በዝግጅቱ ዘገየ አስፋው ትልቅ ድርሻ የነበራቸው፣ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ መሸጥ መለወጥን ከለከለ። የአዋጁ አርቃቂዎች የሰሜኑን ልዩነት ስለተረዱ ለርስት አገሮች የተለየ ክፍል አስገብተው ገበሬው በእጁ ያለውን እያረሰ እንዲቀጥል አደረጉ፤ ቢሆንም በተወላጅነት ድርሻ መጠየቅ ሲቀር ርስት እንደ መብት አከተመ። ጉልትም አብሮ ሄደ፤ ለገበሬው ግን ብዙ ሳይቆይ ኮታ የሚባል ሌላ ስም መጣ። ኮታ ማለት ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ያህል መንግሥት በቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ለመንግሥት የእህል ገበያ ድርጅት የማስረከብ ግዴታ ሲሆን፣ ጎጃም ትርፍ አምራች በመባሉ ከሸዋና ከአርሲ ጋር ትልቁን ሸክም ተሸከመ። በሕጉ ይህ ግብር አይባልም፤ ከአውድማው የሚሄደው እህል ግን መንገዱን ያውቀዋል።

ደርግ ከወደቀ በኋላም ነገሩ አልተዘጋም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ ባለፉት መንግሥታት በቀበሌ ሹመት የሠሩ ገበሬዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከአንድ ሄክታር ያልበለጠ ሲተውላቸው ለሌላው እስከ ሦስት ሄክታር ተፈቀደ፤ በምሥራቅ ጎጃም ቅሬታው ብዙ ነበር። ክልሉ ከዚያ በኋላ መሬቱን ለክቶ ለባለይዞታው፣ ለባልና ለሚስት በአንድነት፣ በስም የተጻፈ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። በ1960 ዓ.ም. ጠመንጃ ያነሣው ሰው ልጅና የልጅ ልጅ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ አልተኰሰም፤ ደብተሩን በሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያኖረዋል። ይህ መንግሥትን ማመኑን የሚያሳይ ሳይሆን፣ ከሽግሽግ በኋላ የተጻፈ ነገር ካልተጻፈ ይሻላል ብሎ መፍረዱን የሚያሳይ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ወሩ በቢቸና ሜዳ ጤፍ የሚታጨድበት ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው የተሰየመ ተቋም አለ፤ የተሰየመውም ለባህል ጥናት ነው፣ ለመሬትና ለግብር ጥናት ቢሆንም አያንስባቸውም ነበር። እርሳቸው በካቢኔ በተቀመጡበት ዘመን የገበሬው ጉዳይ የሚመራበት መሥሪያ ቤት ስሙ የእርሻ ሚኒስቴር ነበር፤ ዛሬ የግብርና ሚኒስቴር ይባላል።